በሁለት ክንድ የተለካ ባና

ትሕትና ቢተውን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። መሐል ሜዳ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። አባቷ አቶ ቢተው ከበግ ጸጉር ባና፣ ወፍራም የብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ፤ ፈትሉን የምፈትልላቸው እኔ ነኝ። እሷ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምራ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባች።

በ2006 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አጋማሽ ደብተሯን ይዛ መጣች። ከስታ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ እስከ ሰኔ ካላለቀ፣ ሳትመረቅ ወደ ማስተማሩ መመለሷ ነው።

“ምኑ ነው ያስቸገረሽ?” አልኳት፣ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ እየፈተልኩ።

ከእንዝርቴ ላይ ክር መዘዝ አደረገች። “እትዬ አረጋሽ፣ ይኼ ከሩቅ ሲያዩት ርዝመት ብቻ ነው ያለው። ቁንጫ ብትወጣበት ግን ዙሪያውንም ትዞራለች። ዓለምም እንዲህ የተጠቀለሉ፣ ለእኛ የማይታዩ አቅጣጫዎች አሏት ይባላል።”

“ቁንጫውማ ከዚህ ቤት ጠፍቶ አያውቅም” አለች እናቷ ይዘንጋሽ። “ለሱ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ?”

ትሕትናም ሳቀች። የምታጠናው፣ ነገር ሁሉ መጨረሻው እጅግ ረቂቅ ክር ነው የሚለውን ሐሳብ ነው። ክሩ በተጠቀለለው አቅጣጫ ይጓዛል፣ ወይም ይጠመጠምበታል። በጠባብ ዙሪያ ላይ መጓዝና በሰፊ ዙሪያ ላይ መጠምጠም በስሌት አንድ ናቸው አለችኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ልክ ይያዛል፤ አንዱ የጉዞው፣ ሌላው የጥምጥሙ።

በስሌቷ ውስጥ መለኪያን መለወጥ ይፈቀዳል፤ ነገሩ ግን መለወጥ የለበትም። ሁለት ለውጦችን አከታትላ ስትሠራና ቅደም ተከተላቸውን ስትገለብጥ፣ የሚመጣው ልዩነት ራሱ ከተፈቀዱት ለውጦች አንዱ መሆን አለበት። የሷ ስሌት ግን ምንም ብታደርግ የማይገባ ትርፍ ይተውባታል። አራት ወር ሙሉ ያንን ትርፍ ስታሳድድ ከርማለች።

ባና በሁለት ወርድ፣ በሁለት እኩል ቁራጭ ተሠርቶ መሐል ለመሐል ይሰፋል። አቶ ቢተው የመጀመሪያውን ወርድ ሠርተው ትከሻቸውን ስላመማቸው፣ የሁለተኛውን ድር ትሕትና አደራችላቸው። ካስማውን ተክላ የድሩን ርዝመት በክንዷ ለካች። “ስንት አደረግሽው?” ሲሏት “ስድስት፣ እንደ እርስዎ” አለች። ትከሻቸው ሲሻላቸው ቀስ ብለው ሠሩት።

ሆሣዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለቱን ወርድ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። እኔ ለመርፌው ክር እያጎረስኩ ነበር። ሁለተኛው ከስንዝር በላይ አጠረ።

“ያን ሁሉ ቁጥር ተምራ ስድስት መቁጠር አቃታት በሉኛ!” አለች ይዘንጋሽ።

አቶ ቢተው ግን የልጃቸውን ክንድ ከራሳቸው ጎን፣ ክርን ለክርን አስጠጉት። የሷ ጣት ጫፍ የሳቸው ጣት መሐል ላይ ቀረ።

“ቁጥሩስ ልክ ነው” አሉ። “በኔ ክንድ መሥራት ይቻላል፤ ባንቺም ይቻላል። ይኼም ወርድ ለብቻው ቢያዩት ነውር የለበትም። ለአንድ ባና ግን አንድ ክንድ ነው፣ ልጄ።”

ትሕትና የራሷንና የአባቷን ክንድ ደግማ አየች። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ እዚያው ባናው ላይ ተቀመጠች።

“ምን አገኘሽ?” አልኳት።

“እያንዳንዱን ለውጥ ለብቻው ነበር የምፈትነው፣ እትዬ። አንዱን በጉዞው ልክ ይዤዋለሁ፣ ሌላውን በጥምጥሙ። ለየብቻቸው ሁለቱም ፈተናውን ያልፋሉ። ትርፉ የሚመጣው ሳባዛቸው ነው!” ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች። “የፈለግኩትን ልክ መምረጥ እችላለሁ፤ ግን ሁሉም አንድ ላይ በአንዱ ልክ።”

“ታዲያ የኔን ባና ማን ይከፍለኛል?” አሉ አባቷ። እየሳቁ ነበር።

ሌላ ወርድ ሠሩ፤ ድሩን ያደራችው እሷ ናት፤ እሳቸው ክንዳቸውን ዘርግተው እየለኩላት። ያጠረውን ይዛው ሄደች፤ አዲስ አበባም ክረምት ሲገባ ይበርዳል ብላ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስልክ ስትደውል እዚያው ነበርኩ። አቶ ቢተው ስልኩን ራቅ አድርገው ስለሚይዙት ሁላችንም ሰማን።

“አባባ፣ ትርፉ ጠፋ! ጽሑፉን ተቀበሉኝ!”

ይዘንጋሽ እልል አለች። እሳቸው ግን፣ “በማን ክንድ አደረግሽው?” አሉ።

“በጉዞው ልክ። ደግሞ ሁሉንም በጥምጥሙ ሞከርኩት፤ ያው ነው።”

“አላልኩሽም?” አሉ። “ያጠረችዋ ወርድስ?”

“ጉልበቴ ላይ ናት።”