ቤዛን የሚጠብቅ አንቀልባ

የሄድን ማታ ቤታችን የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። የካዛንቺስ ጎረቤት ሁሉ ወንበሩን እየያዘ መጥቶ ግቢያችንን ሞላው፤ የሚያወራ ግን ጠፋ። አረብ አገር ለሚሄድ ምን እንደሚባል ሰው ያውቃል፣ አውሮፓ ለሚሄድም ያውቃል። ማርስ ለሚሄድ ምን ይባላል? አንዲት ጎረቤታችን ብቻ፣ "ለመሆኑ ስትደርስ ትደውላለህ?" አለችኝ። እደውላለሁ አልኳት።

እናቴ አላለቀሰችም። እኔንና ባለቤቴን ሰናይትን ጓዳ ጠራችንና ከአልጋዋ ሥር አንቀልባ አወጣች። እኔ የታዘልኩበት አንቀልባ ነው፤ ዛጎሉ ግማሹ ረግፏል፣ ቆዳውን ግን ሰሞኑን ቅቤ ቀብታ አለስልሳዋለች።

"እዚያ የምትወልዱትን ልጅ ሳላዝል አልሞትም" አለች።

"እንውሰደው እንዴ እማዬ?"

"አትወስዱትም። አንቀልባውን ከወሰዳችሁ እዚያው ትቀራላችሁ። ልጁን ነው ወደዚህ የምታመጡልኝ።"

ኮንትራታችን የአሥር ዓመት ነበር። አሥር ዓመት ምን አላት፣ ሠርተን እንመለሳለን ብለን ነው የወጣነው፤ እንደማንኛውም ስደተኛ። እኔ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበርኩ፣ ሰናይት ቄራ አጠገብ ባለው የአባቷ ሥጋ ቤት ትሠራ ነበር። የመረጡን በሙያችን አይደለም። ቀጣሪዎቹ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ አሰልፈውን ደማችንን ወሰዱና፣ ደጋ ላይ የኖረ ሰው ደም ቀጭን አየር ይችላል አሉን። እኔ እንኳ እድሜዬን ሙሉ የሚኒባስ ጭስ ስስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ማን ይጠላል ሲያመሰግኑት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ለወራት በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው፤ የሚወርድ ሰው የለም እንጂ ያው ነው።

ስንደርስ መሬት ውስጥ አስገቡን። ቤት የሚሉት ከድንጋይ ሥር የተቀበረ ክፍል ነው። ላይኛው አገር ቀይ አቧራ ብቻ ነው፤ ፀሐይዋ ትንሽ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ። ክረምት የለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሳልሰማ ስንት ጊዜ እንደተኛሁ እግዜር ይወቀው። እንጀራ ብለው የሚያቀርቡልን ከድንች ዱቄትና የኩሬ አረንጓዴ ከመሰለ ነገር የተጋገረ ነው፤ ዓይን አለው፣ ጣዕም የለውም። ሰናይት ያኔ የቄራን ሽታ ትጠላ ነበር፤ አፍንጫዋን ይዛ ነበር ወደ ሥራዋ የምትገባው። እዚህ ከመጣን በኋላ ያ ሽታ በሕልሟ እየመጣባት ስትነሳ ታለቅስ ጀመር። እዚህ ምንም ነገር አይሸትም። ጾሙን እንኳ አልተስማማንበትም፤ እዚህ አንዱ ዓመት የአገር ቤትን ሁለት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ፋሲካን በየትኛው እንቁጠር ብለን ተጣልተን በመጨረሻ በአገር ቤቱ ሆነ።

ስልክ አለ። ግን ድምፅ ከዚህ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ ሽሮ ይበስላል። እናቴ ደግሞ ሰላምታ አትዘልም። "ደህና ነህ?" ብላ ትጠብቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" ይደርሳታል። ከዚያ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰናይትስ?" ይመጣል። የተፈቀደልን ሰዓት እዚያው ላይ ያልቃል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከጤንነታችን አላለፍንም። በኋላ ሁሉንም ደርድረሽ አንዴ ተናገሪ ብዬ ለመንኳት።

"እንደ ሬዲዮ?" ብላ ተቀየመችኝ። ግን ለመደችው።

ቤዛ ስትወለድ ሰናይት አላማጠችም። እዚህ ሁሉም በኦፕሬሽን ነው የሚወልደው። እናቴ በስልክ ያዘዘችን ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ልጅቷን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቋት፣ አጥንቷ ይጠንክር። ሰናይትም እሺ ብላ፣ ቅቤ ስለሌለ በማብሰያ ዘይት አሽታ፣ ኮሪደራችን ወደ ላይ ብቅ በሚልበት ጫፍ ካለችው መስኮት ሥር በየጠዋቱ ራቁቷን ታስተኛታለች። የቤቶች ክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ እዚያ ደረሰባት። ግርማ ባምቢስ አካባቢ ያደገ፣ ቀበሌ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ማህተሙን ይዞ የመጣ ነው የሚመስለው።

"ሰናይት፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፀሐይ እያሞቅኳት።"

"የቱን ፀሐይ?"

"ስንት ፀሐይ አለ አቶ ግርማ?"

"ማለቴ፣ የአገር ቤቱ በአየር ተጣርቶ ነው የሚመጣው። እዚህ የሚያጣራው የለም። ይሄ ሰውነት ያበላሻል እንጂ አያሞቅም። በቃ፣ መስኮቱ ይታሸጋል።"

"ታዲያ አጥንቷ በምን ይጠንክር?"

"እሱን ጤና ክፍል ጠይቂ። እኔ ቤቶች ነኝ።"

መስኮቱን አሸገው። እኛም ጤና ክፍል ሄድን። ዶክተር ሐያት የቂርቆስ ልጅ ናት፣ ነገር አታሽሞነሙንም። ቤዛን ደጋግማ መረመረቻትና አስቀመጠችን።

"ከፀሐዩ አይደለም" አለች። "አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ነው። እዚህ ሰው የሚመዝነው የአገር ቤቱን ሲሶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። እናንተ ሙሉ ክብደት ተሸክማችሁ አድጋችሁ መጣችሁ፤ እሷ አልተሸከመችም። አጥንቷ ረጅምና ቀጭን ይሆናል፣ ልቧም ለዚህ የሚበቃ ያህል ብቻ ነው የሚያድገው።"

"አገር ቤት ስንወስዳትስ?" አለች ሰናይት።

"ቆማ መሄድ አትችልም። ተኝታም ቢሆን የገዛ ደረቷ ይከብዳታል። ያንን ብትችል እንኳ የአገር ቤቱን ጀርም አታውቀውም፤ አንድ የካዛንቺስ ጉንፋን ይበቃታል።"

እኔ የደጋ ደማችንን አነሳሁባት። አየሩን ስለቻልነው አይደል የመረጡን? ሰው ይለምዳል አልኳት።

"ሰው አይደለም የለመደው" አለችኝ። "አያቶቻችን ደጋ ሲወጡ አየሩን ያልቻሉት ሞቱ፣ ልጆቻቸውም ሞቱ። የቻሉት ወለዱ። ስንት ሺህ ዓመት እንደዚያ ሆኖ ነው አንተ ጋ የደረሰው። እዚህም የሚሆነው እሱ ነው። ያልቻሉትን ልጆች እየቀበርን አይደል? ማንም እያማጠ ስለማይወልድ የሕፃኑ ጭንቅላት ከእናቱ ዳሌ ቢተልቅም የሚከለክለው የለም። የቤዛ የልጅ ልጆች ሌላ መልክ ይኖራቸዋል። የእነሱ የልጅ ልጆች ደግሞ ከአገር ቤት ሰው ጋር ቢጋቡ እንኳ ላይወልዱ ይችላሉ። ያኔ ዘመድ መባላችንም ያበቃል።"

ሰናይት ልጅቷን ጠቅልላ ተነሳች። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ነገር አንስታ አታውቅም።

ቤዛ ግን አደገች፤ ታምራለች። አንገቷ ረጅም ነው፣ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። በአገር ቤቱ ቆጠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። ስትሮጥ ግድግዳውን በአንድ እጇ እየነካች ትንሳፈፋለች፤ እኔ ከኋላዋ እንደ በሬ ነው የምረግጠው። እሷና ጓደኞቿ አብረው ሲስቁ ሳይ፣ የማላውቀው አገር ሰዎች ይመስሉኛል። ልጄን እንግዳ ሆና ማየት ያመኛል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ዘንድሮ ኮንትራታችን አለቀና ወደ አገር የሚመለሰው መርከብ መጣ። ግርማ ጋ ሄድኩ።

"አንተና ሰናይት ትችላላችሁ" አለኝ። "ልጅቷ አትችልም።"

"ልጄን ጥዬ ልሂድ?"

"ጥለህ ሂድ አላልኩህም። ትችላለህ ነው ያልኩህ።"

"እሷስ መቼ ነው የምትችለው?"

"ነገ ና።"

በነጋታው ሄድኩ። ገና ሲያየኝ "ምን ልትሠራ መጣህ?" አለ።

"ነገ ና ብለኸኝ ነዋ።"

ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ አገላበጠው። "ሰው ሲያዝንብኝ ሌላ የምለው ስለማላውቅ ነው" አለኝ። የእሱም ልጆች እዚህ የተወለዱ ናቸው።

መርከቡ ሄደ። በዚያው ሳምንት ለእናቴ ደወልኩ፤ ሰናይትና ቤዛ አጠገቤ ናቸው። ሠፈራችን ከፈረሰ ወዲህ እናቴ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ድምጿ ተደርድሮ መጣ።

"ደህና ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን። አራተኛ ፎቅ ነው የሰጡኝ፣ ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው። ቤት ስለቅ ዕቃዬ ግማሹ ጠፋ፤ አንቀልባውን ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ በእጄ ይዤው ነው የመጣሁት። ቤዛ ከባድ ናት እንዴ? አንተማ በሷ ዕድሜ ድንጋይ ነበርክ። በቃ፣ አሥሩ ዓመት አልቋል፤ መቼ ነው የምታመጣት? ቁርጡን ንገረኝ።"

ቁርጡን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"ቀላል ናት እማዬ" አልኩ። "ለፋሲካ እንመጣለን።"

ሰናይት አየችኝና ከክፍሉ ወጣች። ቃሉ መንገድ ላይ ነበር፤ ልመልሰው አልችልም።

"አያቴ ምንድን ነው የምታደርገኝ?" አለች ቤዛ።

"ልታዝልሽ ነው።"

"ማዘል ምንድን ነው?"

ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣኋት። እግሮቿ ከጉልበቴ በታች ይንጠለጠላሉ፣ አገጯ ከራሴ በላይ ነው። እንደ ታጠበ ልብስ ቅልል ትላለች። እንደዚያ አድርጌያት ክፍሉን ስዞር የእናቴ መልስ ደረሰ። እልልታ ነበር። ጎረቤቶቿን ጠርታ ነው መሰለኝ የሌሎች ሴቶችም እልልታ ተቀላቀለበት።

ቤዛ አንገቴን ጭምቅ አደረገችኝ። "አያቴ ምን ሆነች? አመማት?"

"ደስ ብሏት ነው" አልኳት።

እልልታው አልቆ የእናቴ ድምፅ ብቻውን መጣ።

"ቆዳው ደርቋል" አለች። "ዛሬውኑ ቅቤ እቀባዋለሁ።"