የእትዬ ትበርህ ጨው ቀማሽ

እትዬ ትበርህ ሃድጉ የሳምንቱን ምግብ የሚጽፉት ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መነጽራቸውን ያደርጉና ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት መስመር አስምረው፣ የአራት ሰዓቱን መክሰስ፣ ምሳውንና የዘጠኝ ሰዓቱን መክሰስ በእርሳስ ይሞላሉ። በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ አቮካዶው ጥሬ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ እንቁላልም ከገበያ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ ማድቤታቸው በር ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ ይሰነብታል። እናቶቻቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ ጠዋት ጠዋት የሚያስረክቧቸው ሰባት ልጆች ማንበብ ባይችሉም ፊቱ ቆመው ያዩታል። አርያም የምትባለው የአራት ዓመት ልጅማ በጣቷ እየተከተለች "ዛሬ ስኳር ድንች" ትላለች፣ ቀኑ የበሶ ቢሆንም።

ቤታቸው ካዛንቺስ ነው፤ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ቀበሌ ደግሞ ለአራት የከፈለው ግቢ ውስጥ። የእኔን ክፍል ከማድቤታቸው የሚለየው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ፣ ሳነብ አድሬ ዓይኔን መክደን ስጀምር የምሰማው የሽንኩርት ክትፊያቸውን ነበር። ያኔ ከሰው ብዙም አልቀላቀልም። ስለ እሳቸው የማውቀውን ግማሹን በግድግዳው ሰማሁ፤ ግማሹን በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ አየሁ፣ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ምክንያት የማይጠየቅበት በረንዳ ስለነበር።

ልጆች መያዝ ከመጀመራቸው በፊት መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። በምላሳቸው ይታወቁ ነበር። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ጨዉ በስንት ጊዜ እንደገባ ይናገራሉ ይባላል። ጉልበታቸው መቆም ሲያቅተው ሥራውን ለቀቁ። በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤት ሠራተኛዋ ጥላት ጠፍታ ልጇን ለአንድ ቀን አስቀመጠችባቸው፤ ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ በሳምንቱ ሁለተኛ ልጅ መጣ።

በዚያ ወረቀት ላይ ሥጋ ተጽፎ አያውቅም። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ፣ "ማን ያረደው ነው?" የሚለው ጥያቄ ከበር እንዲመለስ አደረጉ። በምትኩ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽምብራ አለ። ቆሎ ትንንሾቹን ያንቃል ብለው አስፈጭተው በሶ ያደርጉታል። ጎመኑን በጣም አድቅቀው ይከትፉታል እንጂ አይደብቁትም፤ ልጅ የሚበላውን ማወቅ አለበት ባይ ናቸው። ብስኩትና የታሸገ ጁስ የሚልኩ እናቶችን አይቆጡም። ማታ ምሳ ዕቃውን እንደተከደነ ይመልሱና "ለመንገድሽ ይሁን፣ አንቺም ደክሞሻል" ይላሉ። በሳምንቱ ብስኩቱ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የጠበቁት ሕግ ግን ልጅን አስገድዶ አለማብላት ነው። እኛ ሁላችን አፍንጫችን ተይዞ ስንጋት ያደግን ነን። እሳቸው "አፍ ከውስጥ የሚከፈት በር ነው" ይላሉ።

ይህን ሕግ የፈተነው ኤልዳድ ነው። በ2003 ሐምሌ መጀመሪያ ሲመጣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። እናቱ ለምለም ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ አባቱ አርአያ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር። ቀድሞ የያዘችው ሞግዚት በግድ ስታጎርሰው ስለኖረች፣ ማንኪያ ሲያይ ጥርሱን ይገጥማል። ከተቀበለም ጉራሹን በጉንጩ ይዞ ይውላል። ክሊኒክ ሲመዘን አሥራ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። ነርሷ ነሐሴ ሳያልቅ አሥራ ሁለት መግባት አለበት ብላ ቀጠሮ ጻፈች።

"አርአያ ቆርጧል፣ እትዬ" አለች ለምለም አንድ ማታ ልጇን ልትወስድ መጥታ። "አሥራ ሁለት ካልገባ መቀሌ እናቱ ጋ ይወስደዋል። እዚያ ላም አለ፣ ወተት አለ ይላል።"

"አያቱ እንዴት ናቸው?"

"ደግ ናቸው። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ደግ ስለሆኑ አይመልሱልኝም። በዓመት አንዴ የማየው ልጅ ሊሆን ነው፣ በቃ።"

እትዬ ትበርህ ምንም ተስፋ አልሰጧትም። "ቁርሱን ቤት አትለምኚው። ተርቦ ይምጣልኝ" ብቻ አሏት።

ነሐሴ ሲገባ ያልታሰበ ነገር መጣ። እትዬ ትበርህን የምታግዛቸው ሂባ ናት፤ ቡልጋሪያ ሠፈር ሱቅ ያለው፣ ምስርና ሽንኩርት የሚያቀርብላቸው የሙክታር ልጅ። ከመጣች ዓመት አልሞላትም። በዐቢይ ጾም እትዬ ትበርህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምሱ፣ እንቁላልና ወተት የነካውንማ ጭራሽ ስለማይነኩ፣ ጨዉን የምትቀምሰው ሂባ ነበረች። ሂባ በረመዳን ስትጾም ደግሞ እሳቸው ይቀምሳሉ ተባብለው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ረመዳኑ ሳያልቅ ፍልሰታ ገባ። ሁለቱም ጾመኛ ሆኑና ማድቤቱ ያለ ምላስ ቀረ።

መጀመሪያው ሰኞ የምስር ወጡን እትዬ ትበርህ በግምት ጨው አደረጉበት። ዳቦ ሊያወጡ ዞር ሲሉ ሂባም በግምት አደረገችበት። ምሳ ላይ አርያም አንድ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች።

"አደይ፣ ምግቡ ተቆጥቷል" አለች። ልጆቹ ሁሉ የሚጠሯቸው አደይ ብለው ነው፣ በትግርኛው እናቴ እንደማለት።

ኤልዳድ ከጥግ ሆኖ ተናገረ። ስለ ምግብ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። "እኔ አልበላም ብዬ ነበር።"

ልጆቹ በአቮካዶና በዳቦ ዋሉ። ዕቃ ሲታጠብ በግድግዳው ወዲያ ንግግራቸው ይሰማኝ ነበር።

"ሼኩ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል ይላሉ" አለች ሂባ።

"ታዲያ ቅመሺዋ።"

"መትፋቱን አላምነውም፣ እትዬ። ምላሴ ከሆዴ ጋር ተማክሮ ቢውጠውስ?"

እትዬ ትበርህ ሳቁ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ማድቤቱ በር ተከፍቶ ነበር። ኤልዳድን ጠርተው ከምድጃው ራቅ ያለ በርጩማ ላይ አቆሙት፣ እሳቸውም ከፊቱ ቆሙ።

"አቶ ኤልዳድ፣ ቸግሮኛል" አሉት። "እኔ እጾማለሁ፣ ሂባም ትጾማለች። በዚህ ቤት ጨው የሚቀምስ ሰው ጠፋ። ትላንት ምን እንደሆነ አይተሃል።"

"ተቆጣ" አለ ኤልዳድ።

"ተቆጣ። ልጆቹ ያለ ወጥ ዋሉ። አንተ ቀምሰህ ትነግረኛለህ? መብላት አይደለም። ሥራ ነው።"

ከሽምብራ ሾርባው በሻይ ማንኪያ ቀድተው፣ እፍ ብለው አቀረቡለት። ማንኪያውን ወደ አፉ አላስጠጉም፤ እጁ ላይ ሰጡት። ልጁ ሾርባውን አየ፣ ሂባን አየ፣ ቀመሰ።

"የለውም" አለ።

"ምኑ?"

"ጨዉ።"

እውነት ነው፤ ጭራሽ አላደረጉበትም ነበር። በሁለት ጣት ቆንጥረው ጣል አደረጉና እንደገና ቀዱለት። ዋጠ። "ትንሽ።" ደግመው ጣል አደረጉ። ስድስት ጊዜ ቀመሰና "በቃው" ብሎ ማንኪያውን መለሰ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ሾርባ በአንድ ቀን ወርዶለት አያውቅም። ሂባ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ትሪው ሲቀርብ እትዬ ትበርህ ቀማሹ ይናገር አሉ። ኤልዳድ ቆሞ "ልክ ነው" አለ። አርያም ግን በዋዛ የምታልፍ ልጅ አልነበረችም።

"አንተስ ለምን አትበላም?"

"እኔ ቀማሽ ነኝ።"

"ቀማሹ ካልበላ እኔም አልበላም" ብላ እጇን አጣጠፈች። ሌሎቹም አጣጠፉ። ኤልዳድ ግራ ቀኙን አየና አንድ ጎረሰ። እየታየ ስለነበር ዋጠው።

በሁለት ሳምንት የሻይ ማንኪያው የሾርባ ማንኪያ ሆነ። ካላንደሩ ጀርባ ላይ የነበረው እርሳስም ተለወጠ፤ በአራት ሰዓቱ ብቻ የነበረው የለውዝ አጥሚት ዘጠኝ ሰዓትም ተጻፈ፣ የሚቀመስ ነገር እንዲበዛ። እትዬ ትበርህ ግን አልመዘኑትም፣ ለለምለምም አልነገሩም። "ቀን አለው" ይላሉ።

ፍልሰታ ሰኞ ተፈታ። ማክሰኞ ጠዋት እንቁላል በቲማቲም እየሠሩ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልማድ እጃቸውን መራውና ማንኪያ ነክረው ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያጣጥሙ ኤልዳድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

አላለቀሰም። በርጩማውን ወደ ጥግ ገፋና ወጣ። ያን ቀን አልበላም። ረቡዕም ጥርሱን ገጠመ። ለቀጠሮው አሥር ቀን ቀርቶ ነበር።

ረቡዕ ማታ እትዬ ትበርህ በረንዳቸው ላይ ከሂባ ጋር ተቀምጠው ሰማኋቸው።

"ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል" አለች ሂባ።

"እኔ ብሆን አልረሳም። አደራ ሰጥቼ ነጠቅሁት። ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው።"

ሂባ ቀልድ መስሏት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ግን ሙክታር ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከግቢያችን ደግሞ ጡረተኛው ጋሽ ታዲዎስ፣ በሠፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ፣ ነጠላቸውን ለእርቅ እንደሚለበሰው ለብሰው ወጡ። ኤልዳድን መካከላቸው አስቀመጡት፤ እግሩ መሬት አይነካም። እትዬ ትበርህ ጉልበታቸው እያመማቸው ቆሙ።

"አጥፍቻለሁ" አሉ። "ቀማሽ እያለ ቀመስኩ።"

"ጥፋቷን አምናለች" አሉ ጋሽ ታዲዎስ። "አንተ ምን ትላለህ?"

ኤልዳድ ጫማውን እያየ መለሰ። "ሥራዬን ቀማችኝ።"

"እውነቱን ነው" አለ ሙክታር። "ሥራ መቀማት ከባድ ነው። እኔም ሱቄ ፊት ለፊት ሌላ ሱቅ ሲከፈትብኝ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።"

ልጁ ቀና ብሎ አየው። "ከዚያስ?"

"በሦስተኛው ቀን ራበኝ።"

ጋሽ ታዲዎስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው "በምን ትካስህ?" አሉት።

"አትቅመስ።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እዚህ እስካለሁ። ሂባም አትቅመስ።"

ጋሽ ታዲዎስ ወደ እትዬ ትበርህ ዞሩ፤ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር። "ትበርህ፣ አስቢበት። ላንቺ ሳይቀምሱ ማብሰል ዓይን ታስሮ መሄድ ነው። ለልጅ የተሰጠ ቃል ደግሞ ቃል ነው።"

"አስቤበታለሁ" አሉ። "የልጆቹን ድስት አልቀምስም።"

ኤልዳድ ከወንበሩ ወርዶ ማድቤት ገባ። በርጩማው ሲጎተት ሁላችንም ሰማን።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቅዳሜ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ የእትዬ ትበርህ ሞባይል ጠራ። ድምፁን ለቀውት ስለነበር የለምለምም ንግግር ተሰማኝ።

"አሥራ ሁለት ከመቶ ግራም" አለች። "ጫማውንም ጃኬቱንም አርአያ ራሱ ነው ያወለቀለት። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ እሱም ወጣበት።"

"እሱስ ስንት ሆነ?"

"ሰማንያ ዘጠኝ። ከዚያ ራሱ ጫማውን አሰረለት።" ለምለም ሳቀች። "አይሄድም፣ እትዬ። ቦርሳውን ፈታሁት።"

"እሰይ። ሰኞ በጊዜ አምጪው፣ ሥራ አለው" አሉና ዘጉ። ቀጥሎ የሰማሁት የወንበር ድምፅ ነው። ልጆች በሌሉበት ቅዳሜ፣ ማድቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ብዙ ተቀመጡ።

ኤልዳድ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቆየ። በዚያ ዓመት ሁሉ እትዬ ትበርህ የልጆቹን ድስት አንድም ቀን አልቀመሱም። የራሳቸውን ምሳ ለብቻው ያበስሉ ነበር። በሠርግ በድግስ "ትበርህ ቅመሺልን" እየተባሉ የሚጠሩ ሴት፣ በገዛ ቤታቸው በርጩማ ላይ የቆመ ልጅ ፊት እያዩ ቁንጥር ጨው ይጥሉ ነበር። "በቃው" ካለ በቃ ነው። ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ቃላቸውን የጠበቁ ሰዎች አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹን የሚያይላቸው ሰው ነበር። እሳቸውን ከአንድ ልጅና ከኮምፔርሳቶ በቀር ያያቸው የለም።

በ2005 መስከረም ኤልዳድ ኬጂ ገባ። ሰኞ ምሳ እንደቀረበ እትዬ ትበርህ ማንኪያ አንስተው፣ ከዓመት በኋላ፣ ኤልዳድ "በቃው" ይል በነበረበት ልክ ጨው ያደረጉበትን የልጆቹን ምስር ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"ሂባ፣ ነይ እስቲ።"

ሂባ ቀመሰች። "እትዬ፣ ይሄ ጨው የለውም።"

"የለውም።"

"ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያበላናቸው?"

በበሩ ወደ በረንዳው አዩ። ልጆቹ ትሪውን ከበው ነበር፤ ኬጂ በገባችው በአርያም ቦታ አዲስ የመጣ ትንሽ ልጅ የትሪውን ጠርዝ በጣቱ ይጠርጋል። እትዬ ትበርህ የጨው ጣሳውን በእጃቸው ይዘው ጥቂት ቆሙና፣ ከድነው ወደ መደርደሪያው መለሱት።