አባ እንድሪስ ያልተኮሱት ጠመንጃ

ይህን ለሚስቴም አልነገርኳትም። ዘይነብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ስትኖር የትኛው ጥርሴ እንደሚያመኝ ሳይቀር ታውቃለች፤ ይህን ግን አታውቅም። ለመስጊዳችን ሸህ አልነገርኩም። አብረውኝ መንገድ ለሚውሉት ሾፌሮችም አልነገርኩም። ሾፌር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከከሚሴ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪገባ የማያነሳው ወሬ፣ የማያማው ሰው የለም። እኔም ከነሱ አንሼ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሁሉን እያወራሁ ይችን አንዲት ነገር ብቻ ዋጥኳት። አሁን በጽሑፍ እናንተ ፊት ላወጣት ነው። ስሙኝ፤ አታባብሉኝ።

ስሜ ከማል ነው። አይሱዙ አለኝ። ከጨፋ ሜዳ ማሾና ማሽላ ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ፣ ስመለስ ደግሞ ሰው የላከኝን ሁሉ አመጣለሁ፦ የውሃ ፓምፕ፣ የበር ብረት፣ አንዴማ የሙሽራ አልጋ ከነፍራሹ። ሰው ያምነኛል። ይህን ስል ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ የሠራሁትን ለመሥራት የቻልኩት ስለሚያምኑኝ ነው።

በዚያ ዓመት ዝንጀሮ ከተራራው እየወረደ የደረሰውን ማሽላ ይፈጀው ነበር። አምስት ገበሬዎች የአደን ጠመንጃ ለመግዛት ፈቃድ አወጡ። አንደኛው ሁሴን ነው፤ አብሮ አደጌ፣ አንድ ቁርአን ቤት የተቀመጥን። አምስቱም ግዢውን ለእኔ ጣሉት። በእኛ አገር ለዚህ ነገር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። የአደን ጠመንጃ የፈለገ ሰው አባ እንድሪስ ጋ ይሄዳል፣ አለቀ።

አባ እንድሪስ ከሚሴ ገበያው ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ይዟል። ይሸጣሉ፣ ይጠግናሉ፤ እኔንም በጉርምስናዬ ጠመንጃ መወልወል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ደንብ ነበራቸው። ከእጃቸው የሚወጣ ጠመንጃ እሳቸው ሳይተኩሱት ማንም ሰው ቤት አይገባም። ይፈቱታል፣ ይወለውሉታል፣ በአፈሙዙ ብርሃን ያያሉ፤ ከዚያ ቦርከና ወንዝ ዳር ወርደው ሰደፉን ወደ ገዛ ጉንጫቸው አስጠግተው ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ቢፈነዳ በእኔ ይፈንዳ ማለታቸው ነው። ለዚህ ምንም አይቀበሉም። ከሌላ ቦታ የተገዛውንም «አምጡልኝ ልየው» ይሉ ነበር። ጨፋ ሮቢትም ሆነ ሰንበቴ፣ ጠመንጃ የያዘን ሰው የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አባ እንድሪስ ተኮሱት?» ነበር።

ሄድኩና አምስት እፈልጋለሁ አልኳቸው። እስከ ዓርብ አደርሳለሁ ብዬ ለሰዎቹ ቃል ገብቼ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ጠብቅ አሉኝ።

«ኢልመ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሽማግሌውንም ጎረምሳውንም እንደዚያ ነው የሚጠሩት። «ጠመንጃ እንደ ማሾ በጆንያ አይጫንም። አንድ በአንድ ነው የማየው። ከቸኮልክ ዝንጀሮዎቹ ላይ አይሱዙህን ተኩስባቸው።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ ጫት ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ቀልድ ነው። ዛሬ ሳስበው ደህና ቀልድ ነው። ያን ቀን ግን ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። አርባ ዓመት የሞላኝ፣ መኪና ያለኝ ሰው፣ በሰው ፊት እንደ ማቲ! እንዲህ ነኝ እኔ፤ በቀልድ የምቀየም፣ ቂሜን ደግሞ እንደ ስንቅ ይዤ የምጓዝ።

አዲስ አበባ ስደርስ በየከተማው ቅርንጫፍ ካለው ትልቅ የጠመንጃ መደብር ገባሁ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ክራባት ያሰረ ወጣት «ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ጌታዬ! ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። አምስት ጠመንጃ አለህ ወይ ስለው አምስቱንም በአምስት ካርቶን ደረደረልኝ። ብር ተርፎኝ ቢሆን ኖሮ ስስታም ነኝ ብዬ በተናዘዝኩና በቀለለኝ። አልተረፈኝም፤ ዋጋው ከአባ እንድሪስ ዋጋ ጋር ያው ነው። የገዛሁት «ጌታዬ» የሚለውን ቃል ነው።

ለሁሴን ደውዬ ነገርኩት። «ከወደድከው ግዛው ጃል፣ እኛ ምን እናውቃለን» አለኝ። «ብቻ አባ እንድሪስ ሳይተኩሱት እንዳታመጣብን።» እሺ አልኩት። እሺ ማለቴን አስታውሱልኝ።

ልጁ ካርቶኖቹን ሲያስረክበኝ ጣቱን አንሥቶ «ጌታዬ፣ ከመተኮሱ በፊት ውስጡ ያለው ወረቀት ይነበብ፤ የግድ ነው» አለ። ለብዙ ዓመት ያ መደብር ነው የከዳኝ ስል ኖሬአለሁ፤ በየሻይ ቤቱ ስሙን አጥፍቻለሁ። ውሸት ነው። መደብሩ በደንቡ ነግሮኛል። የመደብሩ ደንብ ወረቀት መስጠት ነበር፣ የአባ እንድሪስ ደንብ ጉንጭ መስጠት። ሁለቱም ያዋጡ ነበር፤ እኔ ነኝ ሁለቱንም ያስቀረሁት።

እንዴት እንዳስቀረሁት ልንገራችሁ። ረቡዕ ከሰዓት ከሚሴ ገባሁ። አይሱዙዋን ከአባ እንድሪስ ሱቅ ማዶ አቆምኩ። ያው ሰዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውን ትቼ ሌላ ቦታ ገዝቼ፣ ተመልሼ «ይተኩሱልኝ» ልበል? በምን ፊቴ? ደግሞ ይስቁብኛል። ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ ቆየሁና ማርሽ አስገብቼ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብዬ ካርቶኖቹን ቀደድኳቸው፤ እንደታሸጉ ከደረሱ እንዳልተተኮሱ ይታወቃላ! ካርቶኑን ከነወረቀቱ አስፋልቱ ስር ካለው ቱቦ ውስጥ ወረወርኩት። ወረቀቱን አላነበብኩትም። አላነበብኩትም!

ሁሴን ጠመንጃውን ተቀብሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ያችኑ ነው። «ተኮሱት?»

«ተኮሱት። ቦርከና ዳር፣ ሦስት ሦስት ጊዜ» አልኩ። ሦስት ሦስት ጊዜ የምትለዋን ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም። እኔው ከኪሴ ጨመርኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝንጀሮዎቹ ወረዱ። ሁሴን ሰደፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ ቃታ ሳበ። አፈሙዙ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በመንገድ እርጥበት እንዳይገባው ተብሎ፣ በግራሶ የተነከረ የወረቀት ውታፍ ነበር። ቱቦ ውስጥ የጣልኩት ወረቀት እሱን አውጡ ነበር የሚለው፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ብረቱ ተሰነጠቀና ፊቱ ላይ ፈነዳ። ደሴ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያን ቀን መኪና አብርሬ አላውቅም። ሚስቱ ጭንቅላቱን ታቅፋ «አብሽር፣ አብሽር» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እጄን ፈልጎ ያዘና «ከማል፣ አንተ ባትኖር» አለኝ። ቀኝ ዓይኑ አልዳነም።

ሐኪሙ «ጠመንጃው ውስጥ የተወተፈ ነገር ነበረ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው የመደብሩ ልጅ ጣት የታየኝ። በማግስቱ ተመለስኩና «እንዳትነኩት፣ እኔ ላስቀምጠው» ብዬ አራቱን ጠመንጃ ከአራቱ ገበሬዎች ሰበሰብኩ። ሰው ጠንቃቃ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ቤቴን ዘግቼ ከአራቱም ውታፉን አወጣሁ፣ አፈሙዛቸውን ወለወልኩ፣ ዘይት ቀባሁ። አስተውሉልኝ፤ ውታፉ እንዳለ ቢገኝ ኖሮ አባ እንድሪስ እንዳልተኮሷቸው ዕውር እንኳ ያውቀው ነበር። ስሕተት ነበር ብዬ ላታልላችሁ የምችለው እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን እያወቅኩ ነው የሠራሁት።

አባጋሮቹ፣ ጠብ የሚያበርዱልን ሽማግሌዎች፣ ዋርካው ስር ተቀመጡ። ሁሴን ዓይኑን በፋሻ ታስሮ መጣ። አባ እንድሪስም ተጠርተው መጡ።

«ወላሂ እኔ እነዚህን ጠመንጃዎች አላየኋቸውም» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ለምን አላወጣሁትም? ሁሴንን ፈራሁ? ወንድሞቹን ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። ግን ዝም ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ዝም አላልኩም። ድምፄን አለስልሼ፣ አዛኝ መስዬ፣ «አባ እንድሪስ ረስተውት ነው። ረቡዕ ነው፣ አብረን ነው የወረድነው» አልኩ።

ይኸው ነው ወንጀሌ። ረስተውት ነው አልኩ። ውሸታም ናቸው ብዬ ብሟገታቸው ኖሮ ተከራክረው ያሸንፉኝ ነበር። እኔ ግን አዘንኩላቸው። እርጅናቸውን ይቅር አልኩላቸው። ከንፈር የሚመጥ ሰው ተሰማ። አባ እንድሪስ አንዱን ጠመንጃ ተቀብለው በአፈሙዙ ብርሃን አዩ፣ ዘይቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ያስተማሩኝን አወላወል ነው የወለወልኩት፣ ሌላ አላውቅማ። 

«የእኔን እጅ ይመስላል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሁሴን ዞሩ። «ረስቼው ከሆነ… የአንዱን ውስጥ ሳላይ ቀርቼ ከሆነ… አፉ በለኝ፣ ኢልመ ኮ።»

ሁሴን «ጉንጬን ያስጠጋሁት ያንቱን ጉንጭ አምኜ ነው» አላቸው። አፉ አላላቸውም፤ ይቅር አላለም።

ከሳምንት በኋላ ቤቴ መጡ። ሱቁን ዘግተውታል። ገብተው ቁጭ አሉና ውሃ እንኳ ሳይጠጡ «ኢልመ ኮ፣ እስቲ አስታውሰኝ። ያን ረቡዕ ምን ለብሼ ነበር?» አሉኝ። ቀኑን በጨርቅ ሊያገኙት ነው የመጡት። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ከዘይነብ በቀር ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ እሷም ጓዳ ናት። እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ምን አልኩ?

«ነጭ ጀለቢያ» አልኩ። «አረንጓዴ ሽርጥም ትከሻዎ ላይ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ አረንጓዴው» አሉ። አመስግነውኝ፣ ዱዓ አድርገውልኝ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ልጃቸው ነች የነገረችኝ፤ ዙህርን ሰግደው ተነሥተው «ሰግጃለሁ እንዴ?» ይሏታል። ሰግደዋል ስትላቸው አያምኗትም፣ እንደገና ይሰግዳሉ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ስንት ጠመንጃ ሳላይ አሳልፌ ይሆን እያሉ የገዢዎቻቸውን ስም እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። እኔ ይህን እየሰማሁ ማሾ እጭን ነበር። እበላ ነበር። እቀልድ ነበር።

ባለፈው ወር ሞቱ። ጀናዛው ላይ፣ እንደ ወጉ፣ ሸሁ ቆመው «ሟቹ የበደሏችሁ ካላችሁ አፉ በሏቸው» አሉ። መስጊዱ ሙሉ ሰው «አፉ ብለናል» አለ። ሁሴን ከጎኔ ነበር። እንደ ክፉ ልማዴ ጆሮዬን ወደ እሱ አቀናሁ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። እሳቸው ላይ ያልተመለሰ የበደል ሐቅ ያለው ሰው አንድ እሱ ብቻ ነው ብሎ ያስባል፣ ሐቁንም አልለቀቀላቸውም፣ እሳቸውም እንደዚያው ተጭነውት አፈር ገቡ። እኔም «አፉ ብያለሁ» ብዬአለሁ። ሰማችሁ? እኔ! ለእሳቸው!

ለሁሴን ይህን ጽሑፍ ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በእጄ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ያድርግ፤ አልሸሽም። ሁሴን፣ እሳቸውን ይቅር በል ብዬ አልለምንህም፤ ይቅር የምትላቸው ነገር ኖሮህ አያውቅም። መቃብራቸው ሄደህ አንተው ነህ አፉ በሉኝ የምትላቸው። እኔን ግን አፉ አትበለኝ። ፈርቶ ነው፣ ሰው ነው አትበል። ዓይንህን በትዕቢቴ አጠፋሁት፤ የእሳቸውን ልብ ግን ቀስ ብዬ፣ እያየሁ፣ በአዛኝ ድምፅ ነው የወሰድኩት።

ለእሳቸው ደግሞ፣ በሕይወት ሳሉ መንገር ሲገባኝ፣ አሁን ለአፈር እናገራለሁ። አባ እንድሪስ፣ ምንም አልረሱም። ያን ረቡዕ አልተገናኘንም።