የጋሽ አርተር ማክሰኞ አይዘጋም

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጣሁበት ስለሆነ አልረሳውም። ነገ ቢደገምም ያንኑ አደርጋለሁ። የምጽፈውም «አጥፍተሃል» ላሉኝ ሁሉ መልስ እንዲሆነኝ ነው።

ስሜ ሰይድ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ሳቆም አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ እዚሁ ከከተማው ጥግ ሄንደርሰን ውስጥ ስድስት አረጋውያን በሚኖሩበት የእንክብካቤ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው።

ከስድስቱ አንዱ ጋሽ አርተር ናቸው። እዚህ አገር አዛውንትንም በስሙ ብቻ ነው የሚጠሩት። እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሽ» ጨመርኩበት፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። ሰውዬው እንግሊዛዊ ናቸው። አሜሪካዊት ሚስታቸውን ተከትለው መጥተው፣ ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሞቱ። ልጅ የላቸውም። ትዝታቸው እየከዳቸው ነው። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሊጠይቃቸው የመጣ አንድ ሰው አላየሁም።

ያላቸው ነገር የመዳፍ ስፋት ያላት የኮምፒውተር ዲስክ ናት። ከአገራቸው ሲወጡ የወንድማቸው ልጅ፣ ሁልጊዜ የሚያዩትን የእንግሊዝ የሕዝብ ቴሌቪዥን ከጠዋት እስከ ማታ ቀድቶ ሰጣቸው። የአንድ ቀን ፕሮግራም ብቻ። በዓል አይደለም፣ የተለየ ነገር የተፈጠረበት ቀንም አይደለም፣ ዝም ብሎ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ዜና አለ። ከዚያ የፈረሰ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ባልና ሚስት ይመጣሉ። ቀጥሎ የአሮጌ ዕቃ ጨረታ፣ ምሳ ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ከሰዓት የሐኪሞች ድራማ፣ የልጆች ተረት፣ ጓሮዋን የምትኮተኩት ሳቂታ ሴትዮ፣ ስለ ባሕር ወፎች ፊልም፣ ማታ ደግሞ የአየር ትንበያ። ትንበያው ሁልጊዜ ከባድ ዝናብ ነው።

እኔ ይህን ማን ነግሮኝ! ሥራ በጀመርኩበት ቀን የቀጥታ ሥርጭት መስሎኝ የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ሰማሁና ለባለቤቴ ለዘሀራ ነገርኳት። ለንደን የእህት ልጅ አለቻት፤ ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ ከቤት እንዳትወጪ፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው!» ልጅቱ ለካ መናፈሻ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። በማግስቱም ያው ጎርፍ መጣ፤ እኛም ደግመን ደወልን። በሦስተኛው ቀን ያው ሰውዬ በዚያው ከረባት ስለዚያው ጎርፍ ሲያወራ፣ ለድሮዋ አለቃችን «እንግሊዞች በየቀኑ አንድ ወጥ ነው እንዴ የሚበሉት?» አልኳት። እስኪያማት ስቃ ዲስኩን አሳየችኝ። ዘሀራ ዛሬም ስለ አየር ጠባይ ስነግራት አታምነኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በማክሰኞው አስተካከልኩ። ቤቱ ሲታደስ ጢማቸውን እላጫቸዋለሁ፣ ጥያቄና መልሱ ሲጀምር ሾርባቸውን አቀርባለሁ፣ ሴትዮዋ መኮትኮት ስትጀምር ገላቸውን አጥባለሁ። እንዲህ ከሆነ ጋሽ አርተር ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይቀልዳሉ። ዲስኩ ያረጀ ስለነበር እንዳይበላሽ ፈርቼ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ልጄ ሀያት ላፕቶፗ ላይ እንድትገለብጠው አደረግኩ።

ሐምሌ ሲገባ አዲስ ኃላፊ መጣች። ሊያ ትባላለች። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ከሀያት ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ክፉ አይደለችም። ነገር ግን ከኮሌጅ የወጣችው ገና ትናንት ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ነገር ሄልዚ አይደለም» አለችኝ። «ኤቭሪ ዴይ አንድ ቀን? ሰውዬውን ኮንፊዩዝ እያደረግነው ነው። እየዋሸነው ነው።»

«ማንን ጎዳ?»

«ብሬኑ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ትሬይኒንግ ላይ ተምሬያለሁ።»

ዲስኩን ነቅላ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቴሌቪዥኑንም ቀኑን ሙሉ ኳስ ወደሚያሳይ ጣቢያ ቀየረችው።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አርተር ምሳ አልነኩም። «ገና አልደረሰም» ይላሉ። ጥያቄና መልሱ ካልመጣ ለእሳቸው ምሳ የለም። በሁለተኛው ቀን ውጭው እንደ ምድጃ እየጋለ «ካፖርቴን አምጡልኝ፣ እሄዳለሁ» እያሉ በሩን ይዘው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ላጥባቸው ስጠጋ እጄን ገፍተው አለቀሱ። ያን ያህል ጊዜ ሳጥባቸው አንድ ቀን እንኳ ገፍተውኝ አያውቁም።

ለሊያ ነገርኳት። «አድጀስት ያደርጋል፣ ታይም ስጠው» አለችኝ። ሦስት ቀን በወጉ ያልበላ ሽማግሌ ምን ዓይነት ጊዜ አለው?

በአራተኛው ቀን ቢሮ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት። ሾርባውን አሙቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ግማሽ ሳሕን እንደጠጡ ሊያ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ምሳ እያበላሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዲስኩን መልሳ ወስዳ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ማስጠንቀቂያና የሦስት ቀን እገዳ ነው። «እዚህ ጋ ሳይን አድርግ» አለች።

«አልፈርምም።»

«ሳይን ካላደረግክ ፋየር ልትደረግ ትችላለህ።»

«አውቃለሁ» አልኩ። የቤታችን የእንጀራ ገመድ ያ ሥራ ነው። ቢሆንም አልፈረምኩም።

ማታ ዘሀራ «ይቅርታ ብትላት ምን ትሆናለህ?» አለችኝ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ። የሰው ዕቃ የነጠቀች እሷ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ?»

«ታዲያ ሦስት ቀን እዚህ ተጎልተህ ልትንጨረጨርብኝ ነው?»

እዚያው ነው የመጣልኝ። «አይደለም» አልኳት። «የታመመ ሰው እጠይቃለሁ።»

ባደግኩበት ሰፈር የታመመ ሰው ካለ እስላሙም ክርስቲያኑም ሄዶ ይጠይቃል፤ ማንም የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። በማግስቱ ከሥራ ልብሴ ሌላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዤ፣ የሀያትን ላፕቶፕ በብብቴ አድርጌ ልክ በጉብኝት ሰዓት ደረስኩ። በሩ አጠገብ ባለው የጠያቂዎች መዝገብ ላይ ስሜን ጻፍኩ።

ሊያ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ሰይድ፣ ሰስፔንድድ ነህ እኮ!»

«ለሥራ አልመጣሁም። ጠያቂ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አሳየኋት። ጠያቂ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መግባት ይችላል፣ ነዋሪው የሚደሰትበትን ነገርም ይዞ መምጣት ይችላል ይላል። የራሷን ደንብ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈችኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ማክሰኞን አስጀመርኩ። ባልና ሚስቱ የፈረሰውን ቤት ሲገዙ ጋሽ አርተር ራሳቸውን ነቀነቁና «ሞኞች» አሉ። ምሳ ላይ ሾርባውን ጨርሰው ብርቱካን ጨመሩበት። እኔ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

በሁለተኛውም ቀን ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሊያ ክፍሉ ገባችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ኦኬ፣ እየበላ ነው፤ አያለሁ» አለችኝ። «ግን እውነቱን የማወቅ ራይት አለው።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። «አርተር፣ ይሄ ፕሮግራም የዛሬ እንዳልሆነ ታውቃለህ? ትናንትም ይሄው ነበር፣ ከትናንት ወዲያም።»

ክው አልኩ። አፏን ባፍነው ደስ ባለኝ።

ጋሽ አርተር ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አላነሱም። «ልጄ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው» አሉ። «አርጅቻለሁ እንጂ አልታወርኩም። ጠዋት ስነሳ የተኛሁበት ቤት የማን እንደሆነ አላውቅም። ምሳ ልብላ አልብላ አላውቅም። ሚስቴ መሞቷን እንኳ አንዳንድ ቀን እንደ አዲስ ነው የምሰማው። እዚህ ውስጥ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። በቀን አንድ የማውቀው ነገር ቢኖረኝ ማንን ይከፋዋል?»

ሊያ «ሶሪ፣ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«በሉ አሁን ዝም በሉ፣ ጨረታው ሊጀምር ነው» አሉን።

ሊያ ተነስታ ወጣች። ስትመለስ ዲስኩን ይዛ ነበር፤ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በዚያ ሰዓት ደስ አላለኝም፤ አፈርኩ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ሕፃን አይቼአቸው ኖሯል። እሷ «እየዋሸነው ነው» ስትል እኔ «ብንዋሻቸውስ ምን አለበት» ብዬ እሟገት ነበር። እሳቸውን «ምን ይፈልጋሉ?» ያላቸው ሰው የለም። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። የማይቆጨኝ መሳቢያውን መክፈቴ ነው።

ጋሽ አርተር በሕይወት አሉ፤ እኔም እዚያው እሠራለሁ። ከሊያ ጋር ተስማምተናል። ባለፈው ሰሞን ጠርታ «ጋሽ ሰይድ፣ ዋርኒንጉን ከፋይልህ ላይ ሪሙቭ ላድርገው። አጭር አፖሎጂ ሌተር ብቻ ጻፍልኝ» አለችኝ። ልጅቱ ለእኔ አስባ ነው።

«አልጽፍም» አልኳት። «ይቀመጥ። ሌላ ቦታ ሥራ ብጠይቅም እሱኑ ላኪልኝ። ሰይድ የሚባል ሠራተኛ የአንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን አይዘጋም ብሎ ተቀጣ ይላል። ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት የጻፈልኝ ሰው የለም።»