በላይነሽ በሁዳዴ የቀቀለችው እንቁላል

ሱዳን ውስጥ ዶካ መናኸሪያ እንቁላል ቀቅላ የምትሸጠው በላይነሽ ሰዓት የላትም፤ ብትሰጧትም አታስርም። ውሃው ሲፈላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትጀምራለች፣ ስትጨርስ ድስቱን ታወርዳለች። ነጩ ጸንቶ፣ አስኳሉ ለስልሶ ይገኛል። ስንቱን በጨውና ሻጣ በሚሉት በርበሬ የበላሁ እኔ ምስክር ነኝ።

ዘንድሮ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ግን አንድ የሎሪ ሾፌር እንቁላሉን ገምሶ አፍንጫውን ያዘ። አስኳሉን አረንጓዴ ቀለበት ከቦታል።

«ያ ሓጃ፣ ይሄማ ኸርባን ነው! በስብሷል!»

ወሬው ከመኪና መኪና ዞረና ገዢ ራቃት። የተጠለለችበት ዳስ የፈቲያ ነው። ፈቲያ መተማ ተወልዳ እዚህ ያደገች ሻይ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ስል ነው፣ ልቧን ግን እወደዋለሁ።

«እታለም፣ በአንቺ ጦስ ሻይ ጠጪውም ሸሸኝ። እስከ ጁምዓ ካልተስተካከለ ቦታውን ልቀቂልኝ» አለቻት።

በላይነሽ ከዚያች ቦታ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ደነገጠች። እንቁላል አምጪዋን ቀየረች። እንቁላሉን ጥሬውን ውሃ ውስጥ ከትታ አየች፤ ሁሉም ሰመጠ፣ አልተበላሸም። እንዳትቀምሰው ጾም ነው። የምትሸጠውን የማትቀምስ ነጋዴ፣ አሳዘነችኝ።

ሐሙስ ዕለት ፈቲያ ሻይዋን ትታ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠች። በላይነሽ ውዳሴ ማርያሟን ጨረሰች። ድስቱን ግን አላወረደችም። አርባ አንድ እግዚኦታ ቀጠለች፤ ከዚያ ስግደት። ውሃው ይንተከተካል። እሳት ሲበዛበት ነጩ ድኝ ያወጣል፣ ድኙ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ያደርገዋል። ያልተበላሸውን እንቁላል የተበላሸ ያስመሰለው ይኸው ነው።

ፈቲያ አንዱን ልጣ ጎረሰች።

«ወላሂ ደህና ነው! አንቺ ነሽ በጸሎት ብዛት የምታደርቂው። ሁዳዴ ሲገባ ጨመርሽ አይደል?»

«ታዲያ በጾም ልቀንስ?» አለች በላይነሽ፣ ዕንባዋ መጣ። «ቦታሽን ውሰጂው እንጂ ከጸሎቴስ አላጎድልም።»

ፈቲያ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ውሃው ፈላ፣ በላይነሽ ጀመረች። ውዳሴ ማርያሙ አልቆ የመጀመሪያው «እግዚኦ» ሲሰማ ፈቲያ ብድግ ብላ ድስቱን አወረደች፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ለቆሙት ሾፌሮች ላጠችላቸው። አስኳሉ ወርቅ የመሰለ ነው።

አንዱ ጨው እንድትጨምርለት በላይነሽን ጮክ ብሎ ጠራት።

«እስ!» አለችው ፈቲያ። «ገና አልጨረሰችም።»