የወንድሜ አደስ

...አደሱን በሙቀጫ እየወቀጠች እናቴ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። አልጨረሰችውም፤ ወንድሜ ፍሪጁን ከፍቶ «አደሴስ?» አለ።

ዛሬ ማታ የዳስ በዓላችን ሱኮት ይገባል። ነገ ሊጸልይበት ገበያውን ዞሮ የመረጠው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ተለቅሞ አልቋል።

«ለራስ ቅቤ ነው የፈለግሁት» አለች። «ጎንደር እያለን አደስን ለሌላ አናውቀውም።»

«ኢማ፣ የበዓል ነው እኮ!» አላት ወንድሜ።

«ታዲያ የኔ ራስ ለበዓል አይደለም?»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። እሱ ግን «ማታ ዳሱ ውስጥ ከእናንተ ጋር አልቀመጥም» ብሎ ወጣ።

(ቅቤው ደስ የሚል ሽታ አለው። ለወንድሜ እንዳትነግሩት።)

እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ገበያ ላይ አደስ አልቋል። ቅርብ ያለችው ቴል ሞንድ ከተማ ግቢዋን በአደስ ያጠረች የሥራ ጓደኛ አለችኝ፤ ሄጄ ቆረጥኩ። ይህን የምጽፈው ወንድሜ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነው። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። አደሱን ተቀብሎ፣ ማታ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ ሳይለኝ አልሄድም።

እናንተ ቤት አደስ ለምን ይውላል? ተጣልታችሁበትስ ታውቃላችሁ? እስኪከፍት ድረስ ጻፉልኝ።

ተከፈተ። ፊቴ የቆመችው እናቴ ናት፤ ለካ ለዕርቅ ቀድማኝ መጥታለች፤ ራሷ በቅቤ ያበራል። ቅርንጫፉን ከእጄ ወስዳ በሩን ዘጋችው።