የባዩ አፍ

ሞገስ የሸክላውን ሐውልት ሦስት ጊዜ ዞረው። ከኋላ ሲያየው ባዩ ነበር፤ ያ ወፍራም ማጅራት የሌላ የማንም ሊሆን አይችልም። ከፊት ግን አንድ የማያውቀው ቁምነገረኛ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ያየዋል።

«አርብ ወደ ነሐስ ማቅለጫው ይሄዳል» አለችው ቀራፂዋ ኢንግሪድ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «የሚቀየር ነገር ካለ ከዚያ በፊት ንገረኝ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ከቀራፂዋ ሰፈር ከሶደርማልም እስከሚኖርበት ቴንስታ መቀመጥ አልሆነለትም። ባቡሩ ውስጥ ቦታ ሞልቶ እሱ በሩ ሥር ቆሞ ሄደ። ሞገስ የትምህርት ቤት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ የተገነጠለ በርና የሚያፈስ ቧንቧ ሲያበጅ አሥራ ስምንት ዓመቱ። በየበጋው ደግሞ ኢትዮጵያውያን ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ድምፅ ማጉያውን የሚተክለውና ገመዱን የሚዘረጋው እሱ ነው። ማይኩን የሚይዘው ባዩ ነበር።

የፊቲያ ሰፈር ቡድን በረኛ ኳስ ባመለጠው ቁጥር ባዩ «ወገኖቼ፣ በረኛችን ዛሬም እንግዳ ተቀባይ ነው!» ይላል። ወፍራሙ አጥቂ ሲሮጥ፣ «አይዞህ፣ ኳሷም ደክሟታል፣ ትጠብቅሃለች!» በረኛውም አጥቂውም ይስቃሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 መጀመሪያ፣ በበረዶው ወቅት፣ ባዩ በድንገት ሞተ። በዚያ ዓመት በጋ ጨዋታው ያለ ድምፅ ተካሄደ፤ ሰዉ በእረፍት ሰዓት እየተነሳ ሄደ። ሐውልት ይሠራለት የተባለው ያኔ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ክፍሌ የከተማውን አስተዳደር፣ ኮሙኑን፣ ደጅ ጠንቶ በሜዳው ዳር ቦታ አስፈቀደ።

ፎቶ የመሰብሰቡ ሥራ ለሞገስ ደረሰው። ከአርባ በላይ መጣለት። በሁሉም ላይ ባዩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ አፉን ገጥሞ ቆሟል። ካሜራ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ዝም ማለት ያደግንበት ነው። ሲናገር ያነሳው ሰው የለም፤ ያኔ የሁሉም ዓይን ኳሷ ላይ ነበር። የሞገስም ጭምር። እረፍት የነሳው ይኸው ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ቆሞ የሰውየውን አፍ አንድ ቀን እንኳ አስተውሎ አላየውም።

ክፍሌ ጋ ደውሎ የአፉን ነገር ነገረው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? አፉን ከፈት አድርጊው በላታ!»

«ሚስቱን ሳንጠይቅ?»

«አንተ ጠይቃት። እኔ እንኳን ስለ ሐውልት፣ ስለ ጤናዋ ስጠይቃትም እፈራለሁ።»

ረቡዕ ከሥራ መልስ የባዩ ሚስት እትዬ የሻሽወርቅ ቤት ሄደ። እስከ መጨረሻው ሰማችውና የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሞገስ፣ እኔ ሆስፒታል የደረስኩት ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነው። አፉ እንደተከፈተ ነበር። በእጄ ገጥሜ፣ አገጩን በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩት። እኔ የዘጋሁትን አንተ ልትከፍተው? የሞተ ሰው አፉን ከፍቶ በአደባባይ ይቁም?»

ሞገስ ተነስቶ ጫማውን ካሰረ በኋላ፣ በሩ ላይ ሆኖ፣ «እርስዎ ካሉ እንደተዘጋ ይቅር» አለ። «ግን አንድ ጊዜ ይዩት። ነገ አብረን እንሂድ።»

ሐሙስ ሄዱ። እትዬ የሻሽወርቅ ሸክላው ፊት ብዙ ቆመች።

«ቁርጥ እሱ!» አለች። «ማታ ከሥራ ሲመጣ ሶፋው ላይ እንደዚህ ነው የሚቀመጠው።»

«እንዲህ ዝም ብሎ?»

«እንዴ! ባዩ እኮ ዝምተኛ ነው። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ በእጁ ነው የሚያሳየኝ።»

ሞገስ ተደናገጠ። «ሜዳ ላይ ሰምተውት አያውቁም?»

«ቅዳሜና እሁድ መጦሪያ ቤቱ የኔ ተራ ነው፤ አረጋውያኑን ለማን ጥዬ? ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ። ለማጽናናት የሚያጋንኑ ይመስለኝ ነበር።» ከሸክላው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «እስኪ፣ ጎል ሲገባ ምን ነበር የሚለው?» አለች።

ሞገስ ማይክ ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ከማለት ያለፈ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ጨፈነ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ።

«ገባ! ኧረ ገባ! ጎረቤት ጥሩ፣ ገባ!»

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ የሻሽወርቅ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም።

«እኔ ጋ ሲመጣ አፉን ያሳርፍ ነበር ለካ» አለች በመጨረሻ። ወደ ኢንግሪድ ዞራ በራሷ ስዊድንኛ፣ «ክፈቺው» አለቻት።

«ፎቶ የለኝም» አለች ኢንግሪድ። «ሞገስ፣ ቅድም እንዳደረግከው ሆነህ ቁምልኝ።»

«ይሄ የኔ አፍ ነው እኮ!»

«ሌላ ሰው አለ?»

ሌላ ሰው አልነበረም። ሞገስ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፈተ። የኢንግሪድ ጣት የሸክላውን ከንፈር ገመሰ። የባዩ ከንፈር ሲናገር ወደ ግራ ያዘነብል ነበር ወይስ ወደ ቀኝ? ለማስታወስ ቢታገል ከፊቱ የሚመጣው ሣር ላይ የሚንከባለል ኳስ ብቻ ሆነ። መንጋጋው መዛል ጀመረ። እትዬ የሻሽወርቅ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ትኩር ብላ አየችው።

«ሰፋ አድርገው እንጂ» አለችው። «እኔን ፈርተህ አታሳንሰው።»